ለ17 ቁጥር ባዶ ወንበር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የሌሊት 11 ሰዓቱ አውቶቡስ 17 ቁጥር ወንበር፣ መስኮት በኩል
ባሉበት
ጉዳዩ፦ ቀደም ብሎ ስለመሄድ

ክብርት ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ስፖንጅሽ እንዴት ነው፣ ያ የተቀደደው ጎንሽስ ተሰፋልሽ ወይ። እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ታስታውሽኝ እንደሆነ እንጃ፣ ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ባህር ዳር መናኸሪያ ውስጥ ሻንጣዬን ታቅፌ በመስኮት አፍጥጬ ሳይሽ የነበርኩት ሰውዬ ነኝ።

የ12 ሰዓቱን ቲኬት የቆረጥኩት ከሁለት ቀን በፊት ነው፣ ጨዋ ሰው ስለሆንኩ። ታዲያ ከአባይ ማዶ በዛ ሌሊት ባጃጅ ማግኘት ሎተሪ ነው፣ የሰፈራችን ባለባጃጅ ልጅ ደሞ "10 ሰዓት ከሆነ አደርስሃለሁ፣ ከዛ በኋላ ሌላ ሰው ይዣለሁ" ስላለኝ እሺ ብዬ ወጣሁ። ያንን በ2016 የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ፣ 380 ሜትሩን ለብቻችን ተሻገርነው፣ መንገዱ ለኔ የተዘጋልኝ ባለስልጣን የሆንኩ መስሎኝ ነበር። መናኸሪያ ስደርስ 10 ሰዓት ከሩብ። ያንቺ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፣ አንቺም ባዶሽን ተቀምጠሻል።

ረዳቱን ጠጋ ብዬ "ወንድሜ፣ ያው የአንድ ድርጅት መኪና ነው፣ ያው አዲስ አበባ ነው የሚሄደው፣ ባዶ ወንበር ካለ በዚህ ልሂድ" አልኩት። ቲኬቴን በስልኩ መብራት አገላብጦ አየና "ያንተ የ12 ነው" አለኝ። እሱንማ እኔም አውቃለሁ፣ ማንበብ እችላለሁ፣ ለዛ አይደል እንዴ የጠየቅኩህ! "ማኒፌስት ተዘግቷል፣ ቢሮ ጠይቅ" አለኝ፣ የተሳፋሪውን ስም ዝርዝር ማለቱ ነው። ቢሮ ሄድኩ፣ ልጅቷ ጋቢዋን እንደተከናነበች ቀና ሳትል "ረዳቱን አናግረው" አለችኝ። ረዳቱ ቢሮ፣ ቢሮው ረዳቱ፣ ያን ያህል የተመላለስኩትን ቀጥ ብዬ ብሄድበት መራዊ እገባ ነበር። ነገሩ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው እንዳትይኝ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ አንድ ሰዓት መቅደም ማለት ሱሉልታን በብርሃን ማለፍ ማለት ነው።

ጀርመን ላለችው እህቴ በቮይስ አማረርኩላት፣ ሌሊት ሺፍት ላይ ስለነበረች ወዲያው መለሰችልኝ። "እዚህም እኮ ባቡር ላይ እንደዛው ነው" አለች፣ ቅናሽ ቲኬት ከቆረጥክ ከዛው ባቡር ጋር ታስረሃል፣ ቀደም ባለው ገብተህ ከተገኘህ ቲኬት እንደሌለው ሰው ትቀጣለህ። ግን ባቡሩ 20 ደቂቃና ከዛ በላይ አርፍዶ የሚያደርስህ ከሆነ እስሩ ይፈታልህና በሌላ ትሄዳለህ፣ ሙሉ ዋጋ የከፈለ ደሞ የዛን ቀን በፈለገው ይሳፈራል። ሰማሽ 17 ቁጥር? መታሰሩም መፈታቱም በደቂቃ ተጽፏል። እኔ ግን ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ነው የታሰርኩት፣ የምፈታበት ደቂቃ ደሞ የትም አልተጻፈም።

በርግጥ ባህር ዳር ባቡር የለም። እናቴ "ባቡር ቤት ደርሰህ ና" ካለችኝ ጤፍ ላስፈጭ ነው የምሄደው። ግን እሱ ባቡር ራሱ ከናንተ ይሻላል። ወፍጮ ቤት ጆንያህን ታሰልፋለህ፣ ከፊትህ ያለችው ሴትዮ ቡና ልትጠጣ ዞር ካለች ባለወፍጮው "ይሄ የማነው?" ብሎ ያንተን ይገለብጣል፣ ድንጋዩ ባዶውን አይዞርማ! ሴትዮዋ ስትመለስ ትንሽ ትነጫነጫለች፣ ከዛ ታስፈጫለች፣ አለቀ። ማኒፌስት የለ፣ ቢሮ ሂድ የለ። ዱቄት ጸጉራቸው ላይ የነሰነሰባቸው ሰዎች የፈቱትን ነገር ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እንዴት ያቅተዋል?

ይሁን፣ ሕግ ነው ብዬ ዋጥኩት። 11 ሰዓት ከ10 ላይ ባዶሽን ይዘውሽ ወጡ። እኔም በአጥሩ ቀዳዳ በአይኔ ሸኘሁሽ። ምነው ባልሸኘሁሽ! ከበሩ ሃምሳ ሜትር ሳይርቅ አውቶቡሱ ቆመ፣ ያ ማኒፌስት የዘጋው ረዳት ዘሎ ወረደና "አንድ ሰው! አዲሳባ አንድ ሰው!" ከጨለማው ውስጥ አንድ ጎልማሳ ጌሾ የታጨቀ ማዳበሪያ ተሸክሞ ብቅ አለ፣ የዘጌ ጌሾ ይሆናል፣ እንጃ። ብር ሰጠው፣ ረዳቱ ጣቱን ምላሱ ላይ እያስነካ ቆጠረና ደረት ኪሱ ከተተው፣ ደረሰኝ የለ ምን የለ። ከዛ መስኮትሽ ላይ የሰውዬው ጭንቅላት ደገፍ ሲል አየሁ። ቀስ ብሎ፣ በምቾት።

የሚያንገበግበኝ ቦታው መያዙ አይደለም። ቲኬት ባልቆርጥ ኖሮ እኮ 17 ቁጥር እኔ ነበርኩ! ሁለት ቀን ቀድሜ መክፈሌ ነው ያስቀጣኝ፣ ያ ሰውዬ ጥፋቱ ቀድሞ አለመክፈል ብቻ ስለሆነ ነጻ ወጣ።

የኔው የ12 ሰዓቱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ ነው የተነቃነቀው፣ ስለሱ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከመውጣታችን በፊት ግን አንዲት ልጅ በሩ ላይ ከረዳቱ ጋር ስትከራከር ቆይታ ገባችና፣ የ2 ሰዓቱ ቲኬት በእጇ ነው፣ አጠገቤ ያለውን ወንበር አይታ "ጋሼ፣ ይሄ ሰው አለው?" አለችኝ። የተቀመጠበት ሻንጣዬ ነው። ወገቤ አሞኛል፣ እግሬን መዘርጋት እፈልጋለሁ፣ ደሞ እኔስ መች ተፈቀደልኝ?

"አለው እህቴ፣ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ነው" አልኳት።

መሸንቲ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመ። ረዳቱ ሻንጣዬን አንስቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና በቦታው ሁለት ዶሮ የያዘ ሰውዬ አስቀመጠ። አንደኛው ዶሮ እስከ ደጀን አልተኛም።

ከሰላምታ ጋር
የ12 ሰዓቱ 31 ቁጥር

ግልባጭ፦
ለጌሾው ባለቤት፣ አዲስ አበባ