«እልባት አግኝቷል» ሲሏችሁ

ወገኖቼ ሆይ፣ ይቅር ልለው ያልቻልኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይቅር ካላልኳቸው ሰዎች አንዱም እኔው ነኝ።

ዓይናቸው የደከመ አንዲት ጎረቤቴ በየማለዳው በሚያልፉበት መንገድ ላይ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ ነበር። ስልክ መነካካት ስለማይሆንላቸው «ልጄ፣ እስቲ ለሚመለከተው ጻፍልኝ» አሉኝ። ጉድጓዱን ፎቶ አንሥቼ፣ ቦታውን በካርታ አመልክቼ በቅሬታ ማቅረቢያው መተግበሪያ ላክሁ፤ የመዝገብ ቁጥሩም ወዲያው መጣልኝ። በ9ኛው ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ «ያቀረቡት ቅሬታ እልባት አግኝቷል። በምላሹ ረክተዋል?» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሄጄ አላየሁም፤ መልእክቱ እንዳይነዘንዘኝ ብቻ «አዎ» የሚለውን ነክቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማታም በራቸው ላይ ቆሜ «እማማ፣ ተሠርቷል» አልኳቸው፤ መረቁኝ። በማግስቱ፣ እስከዚያ ቀን ግድግዳውን እየዳበሱ ጉድጓዱን ይዞሩት የነበሩት እናት እኔን አምነው ቀጥ ብለው ሄዱና ገቡበት። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት ስጠይቃቸው አልተቆጡኝም፤ እጄን ይዘው «ተሠርቷል ብለኸኝ አልነበር?» ብቻ አሉኝ።

መዝገቡን የዘጋው ሠራተኛ ወደ ቦታው እግሩን አላነሣም። ቀነ ገደብ ሳያልፍ መዝጋት ያስመሰግናልና ዘጋው፤ ሪፖርቱም ላይ ጉድጓዱ ተደፍኗል። ቀነ ገደቡን አልጠላም። ሕንድ በማዕከላዊው የቅሬታ መቀበያዋ ላይ 30 ቀን የነበረውን ገደብ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 21 ስታወርድ፣ ባልረካ ሰው ፊት የይግባኝ በር እንዳለ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው ፊክስማይስትሪት የተባለው የቅሬታ ድረ ገጽ ደግሞ የተበላሸ መንገድ ያመለከተውን ሰው ከ4 ሳምንት በኋላ ተሠርቶ እንደሆነ መልሶ ይጠይቀዋል። የመሥሪያ ቤቱን ቃል የሚፈትነው ቦታውን የሚያውቅ ሰው መልስ ነው። እኔም ያንኑ ተጠይቄ ነበር፤ ዋሸሁ።

እናንተስ? ስንቶቻችን ነን ሳናይ «ረክቻለሁ» የምንል፣ ከዚያም ሰሚ ጠፋ ብለን የምናማርር? ሄደን ለማየት በሰነፍን ቁጥር ለማይሠራ ሰው ምስክር እንቆምለታለን፤ የእኛ «አዎ» ተደምሮ ሕዝቡ ረክቷል ተብሎ ይነበባል። ያላያችሁትን አትመስክሩ፤ የመዝገብ ቁጥራችሁን ያዙ፣ ያልተሠራውን እንደገና ፎቶ አንሡ፣ ይግባኝ በሉ። እኔ ረክቻለሁ ስላልኩ ይግባኙ ተዘግቶብኛል።

አዲስ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ጉድጓዱ እስካሁን ክፍት ነው፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ረጅም ቅርንጫፍ ተክለንበታል። ሁለተኛው መልእክት መምጣቱ አይቀርም፤ ብዙም ተስፋ አላደርግበትም፣ ግን ሲመጣ ስልኬን ኪሴ ከትቼ መጀመሪያ ወደ ጉድጓዱ እሄዳለሁ። ጊዜ ያላችሁ አብራችሁኝ ኑ።