ዜናው ለማን ነው?

ኧረ ጎበዝ፣ ዛሬስ ልተንፍስ። ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ለምንኖር ሰዎች ማታ ቴሌቪዥን መክፈት ራሱን የቻለ ፈተና ሆኗል።

ባለፈው ነሐሴ ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ሻዬን ይዤ ሶፋው ላይ ተዘረጋሁ። ስድስት ሰዓት ላይ (አገር ቤት ያላችሁ እኩለ ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ አመሻሹን ነው) ከለንደን የሚመጣው ዜና ጀመረ። የመጀመሪያው ወሬ ኢንግላንድ ውስጥ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚፈተኑት የኤ ሌቭል ውጤት። ልጆች ይዘላሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ያለቅሳሉ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ለንደን ያለችው አክስቴ ናት። «ዜናውን እያየሁ ነው፤ ልጅቷ ስንት አመጣች?»

የኔ ልጅ ኤ ሌቭል አትፈተንም! እዚህ ሃየር የሚባለው የስኮትላንድ ፈተና ነው። ውጤቷ ከመጣ ሳምንት አልፎታል። ጭራሽ ያን ዕለት ዩኒፎርሟን ለብሳ ትምህርት ቤት ውላ ነው የመጣችው፤ ስኮትላንድ ውስጥ ትምህርት በኦገስት አጋማሽ ይጀመራላ። ለአክስቴ ይህን ሳስረዳ ሻዬ ቀዘቀዘ። አምናም አስረድቻት ነበር።

ስልኩን ስዘጋ ወሬው ስለ መድኃኒት ማዘዣ ክፍያ ሆኗል። በር ተንኳኳ። ታች ቤት ያሉ እናት ናቸው፤ ስኳር አለባቸው። እንግሊዝኛቸው ብዙ ባይሆንም ዋጋ ሲጠራ አያመልጣቸውም። «ልጄ፣ ልንከፍል ነው እንዴ?» አይ እማማ! በስኮትላንድ ከ2011 ጀምሮ በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ነፃ ነው። ጤናውም ትምህርቱም ከ1999 ወዲህ የኤዲንብራው የስኮትላንድ ፓርላማ ጉዳይ ነው።

ዜና አንባቢዎቹ አይናገሩም አልልም። «በኢንግላንድ» የምትል፣ ስኮትላንድን እንደማይመለከት የምትጠቁም ቃል አንዴ ጣል ያደርጋሉ፤ ዕዳውን እንደሚናዘዝ ሰው፣ በፍጥነት፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው። ለቢቢሲ የሚሄደው ዓመታዊ የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ግን አይለያየንም። በ2025 ለለንደኑም ለግላስጎውም 174 ፓውንድ ከ50 ነበር።

እርግጥ እኛ ሀበሾችም ከዚህ ኃጢአት ነፃ አይደለንም። አገር ቤት ሁሉም ስኮትላንድ ያለሁትን እኔን «እንግሊዝ ነው ያለችው» ነው የሚለው። እስቲ ይህን ለስኮትላንዳዊው ጎረቤቴ ተርጉሙለት!

ከስድስት ተኩል በኋላ የስኮትላንድ ዜና ይመጣል። ግማሽ ሰዓት። ከሱ ላይ የግላስጎው እግር ኳስ ክለቦች ሴልቲክና ሬንጀርስ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ ዝናቡም ድርሻውን ይወስዳል። የኛን ሰፈር የሚመስል ሰፈር የማየው ሪቨር ሲቲ በሚባለው ድራማ ነበር። ከ2002 ጀምሮ የሚታይ፣ ታሪኩ ግላስጎው ውስጥ የሆነ ድራማ ነበር፤ እሱንም በ2026 መገባደጃ ይበቃዋል ብለው በ2025 አስታወቁ።

በመጨረሻ ቢቢሲ አልባ ላይ አረፍኩ። በጌሊክ፣ በስኮትላንድ የጥንት ቋንቋ፣ ነው የሚያወሩት፤ በ2011 ቆጠራ ተናጋሪዎቹ 57 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከ2008 ጀምሮ ግን የራሳቸው ጣቢያ አላቸው። አንድ ሽማግሌ ስለ በጎቻቸው ያወራሉ፣ ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ቀናሁ። የኔዋ በአማርኛ ጠርቻት በግላስጎው እንግሊዝኛ ነው «ምን?» የምትለኝ።

በጎቹ ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ስልኩ ደግሞ ጮኸ። አክስቴ። «ረስቼው፣ ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ነው አይደል? ከዚያ በፊት ልጅቷን ላኪልኝ።»