ትርጉሙን ሳያውቁ የደገሙት ቃል

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ጓደኛችን ጥያቄ ነው። የሥራ ባልደረባዋ ወደ ቡድሂስት ቤተ መቅደስ ጋብዟት እሺ ብላዋለች። አሁን ግን ጭንቅ ይዟታል። «መሄዱን እሄዳለሁ፤ ሁሉም ሲሰግዱ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለችን።

አምስት ሆነን ተቀምጠናል። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡንን ሰው ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቀድመው የመለሱት እሳቸው ናቸው።

«አትሂጂ» አሉ ቁርጥ አድርገው። «ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ ሰዎቹን ታስቀይሚያለሽ። ከሰገድሽ ደግሞ የማታምኚበትን አድርገሻል። በሁለቱም በኩል አያዋጣም።»

ይህን ሲሉ ጥላቻ አልነበረባቸውም። ስለ ቡድሂዝም አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ያስጨነቃቸው ውሸቱ ነው።

«ጋሼ፣ ነገሩን አካበዱት» አለ ታይላንድንና ስሪላንካን ዞሮ የመጣው ወዳጃችን። «እንግዳ ሰው የቤቱን ወግ ነው የሚከተለው። ባንኮክ ውስጥ ዋት ፎ ሄጄ ነበር፤ 46 ሜትር የሚረዝም ጋደም ያለ የቡድሃ ሐውልት ያለበት ቤተ መቅደስ ነው። ጫማ ሲያወልቁ አወለቅኩ። ሲሰግዱ ሰገድኩ። ዕጣን ሲለኩሱ ለኮስኩ። ማን ተቀየመኝ?»

«ስትሰግድ ምን እያልክ ነበር?» ብላ ጠየቀችው ተጋባዧ።

«ምንም። ምን እላለሁ?»

«ይኸው!» አሉ ጋሼ። «ምንም ካላልክ ለምን ተንበረከክህ?»

«ለአክብሮት ነዋ!»

«የማታውቀውን ነገር እንዴት ታከብራለህ?»

እዚህ ላይ ክርክሩ ባለበት ረገጠ። አንዱ አክብሮት ይላል፣ ሌላው ውሸት ይላል። እስከዚያ ድረስ ዝም ያለችው አራተኛዋ ወዳጃችን ናት ከዚህ ያወጣችን። ተማሪ ሳለች ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ለረጅም ጊዜ ቤተ መቅደስ ትሄድ ነበር። «መጀመሪያ የየትኛው ወገን ቤት እንደሆነ ንገሪን» አለቻት።

«ጆዶ ሺንሹ ነው ብሎኛል።»

«እንግዲያው ብዙ አትጨነቂ። እዚያ መሬት ላይ መደፋት የለም።»

ከዚያ በዝርዝር ነገረችን። ጆዶ ሺንሹ ከሺንራን ትምህርት የተነሳ የጃፓን ቡድሂዝም ነው። ሺንራን ከ1173 እስከ 1262 የኖረ መነኩሴ ሲሆን ትዳር ይዞ ልጆች አፍርቷል። የዚህ ወገን አገልጋዮች ዛሬም ያገባሉ። በ1899 ከኪዮቶ የተላኩ አስተማሪዎች ሳን ፍራንሲስኮ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በሰሜን አሜሪካ በተሠሩት ቤተ መቅደሶች ሰዉ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። አገልግሎቱም እሁድ ጠዋት ነው። ደወል ይመታል። ሱትራ፣ ማለትም የቡድሃ ትምህርት የተጻፈበት ቅዱስ ጽሑፍ፣ በዜማ ይነበባል። መዝሙር አለ፤ ትምህርት ይሰጣል። የአሚዳ ቡድሃን ስም የሚጠራው «ናሙ አሚዳ ቡትሱ» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይሰማል።

«ዕጣኑስ?»

«የተፈጨ ዕጣን ነው። ወደ ፊት ትወጫለሽ፣ ጎንበስ ትያለሽ፣ ቆንጠር አድርገሽ ፍሙ ላይ ትጨምሪያለሽ። እጅሽን ታጋጥሚያለሽ፣ እንደገና ጎንበስ ብለሽ ትመለሻለሽ። ካልፈለግሽ ከመቀመጫሽ አትነሺም። የጎንሽ ሰው እንዲያልፍ እግርሽን ሰብሰብ ማድረግ ብቻ ነው።»

ጋሼ ግን አልረኩም። «ለምስል ማጎንበስ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ቡድሃ ለነሱ ፈጣሪ አምላክ አይደለም፣ ጋሼ። የነቃ መምህር ነው። ሲያጎነብሱ ምስጋና ነው የሚሉት።»

«የሚሉትንማ ይበሉ። ሰውነት ሲያጎነብስ ልብ ወዴት እንደሄደ ማን ያውቃል?»

ይህን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። እኔም መልስ አልነበረኝም።

«እኔ ግን ከማጎንበሱ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው» አለች አራተኛዋ ወዳጃችን ቀጥላ። «ቃሉ ነው። በብዙ ቤተ መቅደሶች አገልግሎቱ ሲጀመር ሦስቱ መጠጊያዎች ይደገማሉ። ቡድሃን መጠጊያዬ አደርጋለሁ። ትምህርቱን፣ ዳርማን፣ መጠጊያዬ አደርጋለሁ። ጉባኤውን፣ ሳንጋን፣ መጠጊያዬ አደርጋለሁ። ሰው ቡድሂስት የሚሆነው ይህን ብሎ ነው። ‹ናሙ› የምትለዋም ቃል ያው የመጠጋት ቃል ናት።»

ተጓዡ ወዳጃችን ቀና አለ። «በፓሊ፣ በጥንቱ የመጽሐፋቸው ቋንቋ፣ ምንድን ነው የሚባለው?»

«ቡድሃም ሳራናም ጋቻሚ።»

ፊቱ ሲለዋወጥ ሁላችንም አየነው። ስሪላንካ ውስጥ በሙሉ ጨረቃ ቀን፣ ፖያ በሚሉት በዓላቸው፣ እንደ ሰዉ ነጭ ለብሶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። መነኩሴው እየመራ ሰዉ ይቀበላል። እሱም ከሰዉ ጋር ተቀብሏል። ሦስት ጊዜ። ዜማው ደስ ብሎት ነበር።

«እና እኔ ቡድሂስት ሆኛለሁ ማለት ነው?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«አልሆንክም። ሳታውቅና ሳታስብ ያልከው ነው። ግን ከጎንህ ለነበሩት ሰዎች ቀላል ቃል አይደለም። ከመጠጊያዎቹ ቀጥሎ አምስቱ ትእዛዛት ይመጣሉ። አልገድልም፣ አልሰርቅም፣ በዝሙት አልወድቅም፣ አልዋሽም፣ አእምሮ የሚያደነዝዝ ነገር አልወስድም።»

«አልዋሽም» ብለው ደገሙት ጋሼ ቀስ ብለው።

ጥቂት ዝም አልን። ያኔ ነው ተጋባዧ ያልነገረችንን የነገረችን። የባልደረባዋ አባት ካረፉ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የጋበዛት ለመታሰቢያቸው ነው። ሰውየውን ሁለት ጊዜ አግኝታቸዋለች፤ ታመው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ልትጠይቃቸው ሄዳም ነበር።

ጋሼ በረጅሙ ተነፈሱ። «ይህን ቀድመሽ አትናገሪም ነበር? ለሙት መታሰቢያማ ሂጂ እንጂ። እሱ ሌላ ነገር ነው።»

ከዚህ በኋላ ወሬው ቀለል አለ። ስለ አለባበስ ተነሳ፤ ረጋ ያለ ቀለም፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን። መሬት ላይ በሚቀመጡበት ቤት እግርን ወደ ቡድሃው ምስል መዘርጋት ነውር መሆኑም ተነሳ። ስሪላንካ ውስጥ ለምስሉ ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሳት ከባድ ንቀት እንደሆነ ተጓዡ ራሱ ነገረን። ዜን የሚባለው ሌላው የጃፓን ቡድሂዝም ቤት ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ጊዜ በዝምታ መቀመጥ ነው፤ ሶቶ በሚባለው የዜን ወገን ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ። የትኛውም ቤት ቢሆን ቀደም ብሎ መድረስና አዲስ ነኝ ማለት ይረዳል።

እኔ በክርክሩ ብዙ አልተናገርኩም፤ ሐሳቤን የማስረው አሁን ነው። ጋሼ አትሂጂ ማለታቸው ልክ አልነበረም። ፍርሃታቸው ግን ልክ ነው። የማያምኑበትን ቃል ለይሉኝታ ብሎ መናገር አክብሮት አይመስለኝም። እዚያ ቤት ውስጥ ያን ቃል አምኖበት የሚል፣ ሕይወቱን በሱ የመሠረተ ሰው አለ። እኔ ከጎኑ ሆኜ በባዶ ልብ ስደግመው ቃሉን አረክስበታለሁ። ስለዚህ ጓደኛችን መጠጊያዎቹ ሲደገሙ ዝም ብላ ትስማ። ሲነሱ ትነሳ፣ ሲቀመጡ ትቀመጥ። እጅ አጋጥሞ አንገትን ዝቅ ማድረግ እንደ ታይላንድና ስሪላንካ ባሉ አገሮች ሰው ለሰውም የሚያቀርበው ሰላምታ ነውና እሱን ብታደርግ አይከብደኝም።

በዕጣኑ ላይ ግን አዋቂዋ ወዳጃችን ካለችው እለያለሁ። እሷ «እንደፈቀድሽ» ብላ አለፈችው። በተራ እሁድ ቢሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር። ይህ ግን የአንድ ሰው አባት መታሰቢያ ነው። ዕጣኑ ለቤተሰቡ ምን ማለት እንደሆነ እኛ አምስታችን ተቀምጠን የምንወስነው ጉዳይ አይደለም። ልጁን መጠየቅ አለባት፤ እሁድ ጠዋት በር ላይ ሳይሆን ቀደም ብላ፣ ስልክ ደውላ። «አባትህን ለማሰብ ዕጣን ባቀርብ ደስ ይልሃል? ወይስ ከመቀመጫዬ ልቆይ? እምነቴ ሌላ ነው፤ የማልፈልገው እናንተን ማስቀየም ነው» ብትለው የሚከፋው አይመስለኝም። ሆስፒታል ድረስ የሄደችለትን ሰው ልጅ ነው የምትጠይቀው።

ቅዳሜ እደውላለሁ ብላናለች።