ማስተካከያ፦ ቪዛው ሳያልቅ ፓስፖርቱ ሲያልቅ

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ሂርማታ ባለው የጽሕፈት ሥራ ቤቴ በር ላይ «በኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ አሜሪካ የገባ ሰው ቪዛው እስከሚያበቃበት ቀን መቆየት ይችላል፤ ፓስፖርቱን በመሐል ማሳደስ ይበቃዋል» የሚል ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የመቆያውን ቀን የሚወስነው ቪዛው ሳይሆን አይ-94 የተባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። ፓስፖርቱ ከሥራ ፈቃዱ ቀድሞ የሚያበቃ ከሆነ፣ የድንበር መኮንኑ ብዙ ጊዜ መዝገቡንም በፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን ይገድበዋል።

አንዲት እናት የልጃቸውን ሰነዶች በስልካቸው አሳዩኝ። የሥራ ፈቃዱ 3 ዓመት፣ አይ-94ቱ ግን 14 ወር ብቻ! እኔን አምነው «አይዞህ ልጄ፣ ጊዜ አለህ» ብለውታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፓስፖርት ማሳደስ ብቻውን ያንን ቀን አያራዝምም። ወይ ቀኑ ሳያልፍ አሠሪው የማራዘሚያ ማመልከቻ ያስገባል፤ ወይ ሠራተኛው አዲሱን ፓስፖርት ይዞ ከአሜሪካ ወጥቶ እንደገና ይገባል። በአሮጌው ፓስፖርት ላይ ያለው ቪዛ ጊዜው ካላለፈ፣ ካልተበላሸና የሚፈቅደው የመግቢያ ብዛት ካላለቀ ያገለግላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ፓስፖርቶች መያዝ ነው። በገቡ ቁጥር መዝገቡን በኢንተርኔት ማየት የግድ ነው።

ገና ያልተጓዛችሁ ግን እዚሁ ጅማ ባለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ አስቀድማችሁ አሳድሱ።

የቀድሞውን ማስታወቂያ አንሥቼዋለሁ። ፎቶ ያነሣችሁት እባካችሁ አጥፉት፤ ለላካችሁለት ሰውም ይህን ላኩለት።