መጽሐፉ ነው የሚቀረው ወይስ ወሬው?

ጥያቄው አጭር ነው። አንዳንድ መጻሕፍት ተነበው ካለቁ ከስንት ዓመት በኋላም ከሰው አይለቁም። የሚያስቀራቸው ምንድን ነው? ጽሑፉ ራሱ ወይስ በዙሪያው የሚወራው? ሁለት አንባቢዎች ተከራክረዋል። እሱ የሚሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው፤ እሷ የአራት ኪሎ ልጅ ናት።

የብሔራዊው፦ እስቲ እንተማመን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የማያውቅ አዲስ አበቤ አለ? የለም። አንብቦ የጨረሰውስ? እዚህ ጋ ነው ጨዋታው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። በየሰው ቤት የገባው ግን ነፍሱን ይማረውና ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። ስንቱ ሰው ፊታውራሪ መሸሻን የሚያውቃቸው በጆሮው ነው! እኔ ራሴ መጽሐፉን ስገልጥ በራሴ ድምፅ ማንበብ አልችልም። ወጋየሁ የጎተተውን ቃል እኔም እጎትታለሁ። እሱ ትንፋሽ የወሰደበት ቦታ ላይ እኔም ቆም እላለሁ። ታዲያ እኔ ጋ የቀረው መጽሐፉ ነው ወይስ ሰውየው?

«ኦሮማይ»ንም ውሰጂ። በ1975 ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በዓሉ ግርማ ደግሞ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ዛሬ ያላነበበው ሰው እንኳ ይሄን ታሪክ ያጫውትሻል። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ፊያሜታ ማን ናት ብትይው ግን ዝም ሊልሽ ይችላል። መጽሐፍ የሚቀረው የሚወራለት ሲያገኝ ነው።

የአራት ኪሎዋ፦ ወንድሜ፣ በወጋየሁ አንጣላም። ከነካሁት እናቴ ቤት አታስገባኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሬዲዮ ፕሮግራሙ «ከመጻሕፍት ዓለም» አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው እንዴ ያቀረበው? ስንቱ ተተርኮበታል። ስንቱን ታስታውሳለህ? ድምፅ ብቻውን የሚያስቀር ቢሆን ሁሉም በቀሩ ነበር።

የሚያስቀረውን እኔ ልንገርህ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህ ወላጆቹ ገና በልጅነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። እሱ አልተሳለም፤ የጠየቀውም የለም። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ግን ያ ሌላ ሰው የገባለት ቃል መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ በላዩ የመጣ ነው። ይሄን ያነበበ ልጅ ጎጃምን ረግጦ አያውቅ ይሆናል። «አንተማ ሐኪም ነው የምትሆነው» እየተባለ ካደገ ግን ነገሩ ይገባዋል። እኔ የማልፈልገውን ትምህርት ተምሬ የተመረቅሁ ሰው ነኝ፤ ስለ በዛብህ ስናገር ትንሽ ብቆጣ አትፍረድብኝ። ይሄን ደግሞ ሬዲዮ አልጨመረበትም። ሐዲስ አለማየሁ ናቸው ከመጀመሪያው የተከሉት።

ጉዱ ካሳንም አስብ። የዘመዶቹን ሥርዓት ስለሚነቅፍ እንደ እብድ ያዩታል። ዛሬ ታክሲ ውስጥ አንዱ ስለ አገሩ ነገር ሲያበዛ ከኋላ «ይሄ ደግሞ ጉዱ ካሳ ነው!» የሚል አይጠፋም።

የብሔራዊው፦ አመሰግናለሁ! ያ ከኋላ የተናገረው ሰውዬ መጽሐፉን አንብቦታል?

የአራት ኪሎዋ፦ ላያነብ ይችላል። እሱ ከጎረቤቱ ሰማ፣ ጎረቤቱ ከአስተማሪው። መጨረሻ ላይ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ አንድ ሰው አለ። ወሬው ከሰማይ አልወረደም።

የብሔራዊው፦ እሺ፣ ወደ እኔ ሰፈር ልውሰድሽ። አስፋልት ዳር ፕላስቲክ አንጥፈው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ታውቂያቸዋለሽ። ደንበኛ ይመጣና «ምን ደህና ነገር አለ?» ይላል። ሻጩ መጽሐፉን በመዳፉ ጠረግ ያደርግና ጨዋታውን ይጀምራል። ደራሲው ምን እንደደረሰበት፣ መጽሐፉ ለምን እንደተከለከለ፣ ትናንት አንድ ሰው ፈልጎ እንዴት እንዳጣው (ይሄኛው ሁልጊዜ አለ)። ደንበኛው ገጽ እንኳ አይገልጥም። ወሬውን ገዝቶ ይሄዳል። ቤቱ ሄዶ ቢያነበውም የሚያነበው በዚያ ወሬ ነው።

በ2014 እናንተ ሰፈር አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ያማረ ቤት ነው፤ እኔም እመላለሳለሁ። አብዛኛው ልጅ ግን ከፊቱ የዘረጋው የፈተና ደብተሩን ነው። ልብ ወለድ የያዘ ሳይ ደስ ብሎኝ ምን እያነበበ እንደሆነ ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ ማውራት አይቻልም። መጽሐፍ ሳይወራበት እንዴት ይኖራል?

የአራት ኪሎዋ፦ ከዚያው ከአስፋልት ዳር መልስ ልስጥህ። እኔም አሮጌ መጽሐፍ እገዛለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰው ስም፣ ከሥሩ «አንብበህ መልስ» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። እንዳልተመለሰማ ግልጽ ነው፤ እኔ እጅ ገብቷል። እኔ ግን ሁሌ ጠርዙን ነው የማየው። ወሬ ብቻ የሸጠው መጽሐፍ መጀመሪያው አካባቢ ጠቁሮ ከመሀል በኋላ ንጹሕ ነው። የሚለቀው መጽሐፍ እንዲህ ነው። የማይለቀው ደግሞ መጨረሻው ድረስ ተልጧል፣ አንዳንዱ ቦታ ሁለት ዓይነት እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ያሰመረው ሰው ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። ለማንም ብሎ አልተመለሰም።

«ኦሮማይ»ም ቢሆን ዛሬ የሚከለክለው የለም፤ እንደማንኛውም መጽሐፍ ይገዛል። ፍርሃቱን ያላዩ ልጆች ናቸው አሁን የሚያነቡት። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ደርግ ኤርትራ ላይ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄዶ ሥራው፣ ፍቅሩና ሕሊናው ሲጎትቱት አብረውት ይሄዳሉ። ክልከላው ያስታወቀው ይሆናል። እስከ ንጋት ያስነበባቸው ግን ክልከላ አይደለም።

የብሔራዊው፦ ልጆች ካልሽ አንድ አለችኝ፣ የእህቴ ልጅ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሰጠኋት። ጥቂት ገጽ ሄደችና «ጋሼ፣ ከበደኝ» ብላ አስቀመጠችው። የወጋየሁን ትረካ በቴሌግራም ላክሁላት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን አልመለሰችም።

የአራት ኪሎዋ፦ አሁን እየሰማች ነው ወይስ እያነበበች?

የብሔራዊው፦ በጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ በዓይኗ ትከተላለች። አንዳንዴ ትረካውን ታቆምና ቀድማው ትሄዳለች።

የአራት ኪሎዋ፦ ቀድማው ነው ያልከኝ?

የብሔራዊው፦ ያስጀመራት ግን እሱ ነው! ነጥቡ የእኔ ነው።

የአራት ኪሎዋ፦ ጨርሳ ትምጣና እሷን እንጠይቃታለን።