ሃርት አታክ የሚገድለው ቤት ውስጥ ነው፤ ዝግጅታችን ግን ሆስፒታል ነው

በሃርት አታክ ከሚሞቱ ሰዎች ብዙዎቹ ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ ያልፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድላቸው የልብ ምት መዛባት ነው። የልብ ደም ቧንቧ በድንገት ሲደፈን ኦክስጅን ያጣው ጡንቻ የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ያውካል። ደም የሚገፉት የታችኛዎቹ ክፍሎች አብረው መኮማተራቸውን ትተው ይርገፈገፋሉ። የሚርገፈገፍ ልብ ደም አይረጭም፤ እንደቆመ ይቆጠራል፤ ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ምት ሊመለስ የሚችል መሆኑ ነው። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ክሎድ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1947 በቀዶ ሕክምና ላይ ምቱ የተመሰቃቀለበትን ታዳጊ ልብ በኤሌክትሪክ ንዝረት መልሶታል። በ1956 አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ፖል ዞል ደረት ሳይከፈትም እንደሚቻል አሳየ። በ1960ዎቹ ሆስፒታሎች ምትን ሌት ተቀን የሚከታተሉ ልዩ ክፍሎች ከፈቱ። እሰየው ነው፤ የሚጠቅመው ግን በሕይወት ለደረሰ ብቻ ነው። ይህን አጥርቶ ያየው የሰሜን አየርላንዷ የቤልፋስት ከተማ ሐኪም ፍራንክ ፓንትሪጅ ነበር፤ በሽተኛውን ተቀምጦ ከመጠበቅ ንዝረቱን የሚሰጠውን መሣሪያ፣ ዲፊብሪሌተሩን፣ አምቡላንስ ላይ ጭኖ ላከለት። የመጀመሪያው መሣሪያ በመኪና ባትሪ የሚሠራና 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነበር። የዛሬው በአንድ እጅ ይያዛል፤ ምቱን ራሱ አንብቦ ምን መደረግ እንዳለበት በድምፅ ይናገራል።

መሣሪያውን በአየር ማረፊያና በስታዲየም መስቀል ተገቢ ነው። ልባቸው ድንገት የሚቆምባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ግን ቤታቸው ናቸው፤ እዚያ ቀድሞ የሚደርሰው የሚስት፣ የልጅ ወይም የጎረቤት እጅ ነው። ደረት ሳይጫን በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። የደረትን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየጫኑ መቆየት አንጎልን በጥቂት ደም ያቆየዋል። ብዙ ሰው የሚታለለው ልቡ የቆመው ሰው አልፎ አልፎ ሲያጣጥር አይቶ «እየተነፈሰ ነው» በማለት ነው። ይህ ሕይወት የሚያቆይ ትንፋሽ አይደለም፤ መጫን መጀመር አለበት።

ደረቱ የተጨነቀ ሰውም «ጨጓራዬ ነው፣ ይለቀኛል» እያለ የሚያሳልፈው ያንኑ አደገኛ የመጀመሪያ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ደረት መጫን በየትምህርት ቤቱ በተግባር ይሰጥ። የአምቡላንስ ጥሪ የሚቀበል ሠራተኛም እርዳታው እስኪደርስ ደዋዩን በስልክ እየመራ ደረት ማስጫን የሥራው ግዴታ ይሁን።