የኛ ሰፈር ስንት ነው?

ነሐሴ 2012 ላይ ነን፤ ዛሬ ሆድ ብሶኛል። ይዤው ባድር ስለማይወጣልኝ እጽፈዋለሁ። ረጅም ነው፤ ጊዜ ያላችሁ አንብቡልኝ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ከተባለ ጀምሮ የየቀኑን የኮሮና ቁጥር በደብተር እይዛለሁ። የታናሽ ወንድሜ የሒሳብ ደብተር ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግማሹ ባዶ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ የተመረመረውን፣ ከዚያ የተገኘበትን፣ መጨረሻ ላይ የሞተውን እጽፋለሁ። ግቢያችን ውስጥ አምስት አባወራ አለ። ቁጥሩን ሁሉም የሚጠይቀው እኔን ነው። "ዛሬ ስንት ገባ?" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። "ኧረ በስመአብ!" ይላሉ። ከዚያ ያቺ ጥያቄ ትከተላለች። "የኛ ሰፈርስ?"

አላውቅም። አምስት ወር ሙሉ መልሴ ይኸው ነው።

እናቴ ስኳር አለባት፣ ደም ግፊትም አለባት። ዕድሜዋ 63 ነው። ይህ በሽታ በማን ላይ እንደሚከፋ ሁላችንም በየቀኑ ሰምተናል። ስለዚህ ለኛ ቤት ቁጥሩ ዜና አይደለም። እማዬ ዛሬ ትውጣ ወይስ አትውጣ የሚለው ነገር ነው። የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ከበራችን ወጣ ብላ ትንሽ ከተራመደች ገበያው መሃል ናት፤ ሰውና ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ የሚያልፍበት ቦታ። የአገሪቱ ቁጥር ይህን ያህል ደረሰ ማለት ለሷ ምን ይነግራታል? ምንም።

አንድ ነገር ልበል። ቁጥሩን በየቀኑ የሚያወጡትን ሰዎች አላማም። እሁድ የለ፣ በዓል የለ፣ ያወጣሉ። በሽታው ገና ከቻይና ሲወራ እኮ የተጠርጣሪ ናሙና ደቡብ አፍሪካ ነበር የሚላከው። ከዚያ ተነስቶ በየክልሉ ላብራቶሪ እስከመክፈት መድረስ ትልቅ ሥራ ነው። ናሙና የሚወስዱት ልጆች በዚያ ፕላስቲክ ልብስ ውስጥ በላብ ሲጠመቁ ዓይቻለሁ። ብሶቴ ከነሱ ጋር አይደለም።

ብሶቴ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ አካባቢ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይነገረን ነበር። የመጀመሪያው የ48 ዓመት ጃፓናዊ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ። ቀጥሎ የጉዞ ታሪክ ያለው፣ ንክኪ ያለው፣ ዕድሜው ይህን ያህል። ሰው ሲበዛ ዝርዝሩ ጠፋ። ሁሉም "አዲስ አበባ" በምትል አንዲት ቃል ውስጥ ገባ። አንዳንድ ቀን በክፍለ ከተማ ተከፋፍሎ ይወጣል፤ ያን ቀን ደስ ይለኛል። ግን የኛ ክፍለ ከተማ ጉለሌ ማለት አስር ወረዳ ነው። ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ነው። ዊንጌት የተገኘም ጉለሌ ነው፣ ሽሮ ሜዳ የተገኘም ጉለሌ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው እናቴ ሽንኩርት የምትገዛበትን መንገድ ነው።

መረጃው የለም እንዳትሉኝ። ሚያዝያ ላይ ቤት ለቤት ሙቀት እየለኩ ሲዞሩ እኛም ጋ መጡ። ሁለት ነበሩ። በር ላይ ቆመው ጠየቁን። ስንት ሰው ትኖራላችሁ? ሳል ያለበት አለ? ከውጭ የመጣ እንግዳ አለ? የቆየ ሕመም ያለበትስ? እናቴ ከውስጥ "እኔ ስኳር አለብኝ" አለች። ጻፉት። ወረዳውን ጻፉ፣ ስልኩን ጻፉ። የቤት ቁጥራችን የቆርቆሮው በር ላይ የተመታች ትንሽ ታርጋ ናት፤ ዝገት በልቷታል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በክርኗ ጠረግ ጠረግ አድርጋ አንብባ ጻፈቻት። በጓንቷ እንዳትነካው ተጠንቅቃ ነው። ያን ያህል ተጠነቀቁ። ናሙና የሰጠ ጎረቤታችንም ቅጹ ላይ ወረዳውንና የቤት ቁጥሩን አስሞልተውታል።

አድራሻችን አለ ማለት ነው። እኛ ሰጥተናል። ወደኛ የተመለሰ ነገር ግን የለም።

ያልተነገረ ነገር ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ወሬ ይገባበታል። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ማታ አምቡላንስ ከኛ በላይ ያለው ቅያስ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ጠዋት "ባለሱቋ ላይ ተገኘባት" ተባለ። ማን እንዳለ ማንም አያውቅም። እትዬ ሱቃቸውን ከፍተው ቁጭ ብለዋል፤ የሚገዛ የለም። ልጆች ከሱቁ ፊት ለፊት ሲደርሱ አፍንጫቸውን ይዘው ይሮጣሉ። ዳቦው ደርቆ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ከብት ላለው ሰው ሰጡት። በዓይኔ ያየሁት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲጣራ አምቡላንሱ የመጣው ከሳቸው ጀርባ የተከራየችው ልጅ ምጥ ይዟት ነው። ወንድ ልጅ ወልዳለች። ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው ግን የለም። ሰዉ እንደገና መግዛት ጀመረ፣ በቃ።

ሰኔ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። የዕድራችን ጥሩንባ በአስር ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሦስቱም ከአንድ አካባቢ። ድንኳን የለም፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነበር፣ ዕድሩ ብሩን ብቻ አድርሶ ይመለስ ነበር። በምን እንደሞቱ አላውቅም፤ በኮሮና ነው አልልም። ግን በዚያው ሰሞን መግለጫው ላይ "ከአስክሬን ምርመራ የተገኘ" የሚል ነገር በተደጋጋሚ እየሰማን ነበር። ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው የታወቀው ማለት እኮ ነው። እስከዚያ ድረስ ከሰው ጋር ሲበላና ሲጠጣ ነበር። የዕድራችን ጸሐፊ ጋሼ መዝገባቸውን ገልጠው ሲያሳዩኝ "በዚህ ወር እንዲህ ሆኖ አያውቅም" አሉኝ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስኪደው እያሳዩኝ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የሆነውን የሚያውቀው እንግዲህ ይህ የዕድር መዝገብ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እኮ በየቀብር ቦታው የሞተን ሰው እየመዘገቡ የሞት ምክንያት መከታተል ከተጀመረ ወደ ሃያ ዓመት ይጠጋል። ሞትን በሰፈር መቁጠር ያልታወቀ ጥበብ አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። እናቴ በየወሩ የስኳር ክትትል አላት። ጤና ጣቢያው ከኛ ሩቅ አይደለም። ግንቦት ላይ "እዚያ ጤና ጣቢያ በሽተኛ ሞልቷል" የሚል ወሬ መጣ። ቀረች። የቀረችው በኔ ምክር ነው። ሰኔም ቀረች። ሰኔ 23 ቀን ደግሞ የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማ ያቺኑ የአገር ቁጥር እንኳ ከቴሌቪዥን ካልሰማሁ አላገኛትም፤ ደብተሬ ላይ ባዶ የቀሩ ቀናት አሉ። ሐምሌ ላይ እማዬ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ አዞራት። ግድግዳ ይዛ ቆመች። ታክሲ ያኔ ግማሽ ነበር የሚጭነው፣ ሂሳቡ እጥፍ ነበር፤ እሱም አልተገኘም። ደግፌ በእግር ወሰድኳት። ስኳሯ ሲለካ 390። ነርሷ "እናቴ፣ ለምን ቀሩ?" አለቻት። እናቴ ዝም አለች። እኔ ነኝ የመለስኩት፤ ፈርተን ነው አልኳት። ነርሷ ምን አለች መሰላችሁ? "ያን ሰሞን እኮ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነበር፤ ሰው ስንጠብቅ ነው የምንውለው።"

ባዶ ወንበር! እኔ ቤት ቁጭ ብዬ የአገሪቱን ቁጥር በእስክሪብቶ እየጻፍኩ እናቴን ከባዶ ወንበር ሳስቀር ነበር። በዚያ ወር በዚህ ወረዳ ይህን ያህል ሰው ተገኝቷል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር።

ሄጄ ጠየቅሁ። ቢሮውን አልጠራም፣ ሰውየውንም አልጠራም። በትሕትና ነው ያስተናገደኝ። "ይህ ለሕዝብ አይገለጽም፤ ሰው ይደናገጣል" አለኝ። እኔ የምለው፣ አሁን አልተደናገጥንም ወይ? ባለሱቋን ያገለለው ድንጋጤ አይደለም ወይ? እናቴን ሁለት ወር ከክትትል ያስቀረው ምንድን ነው? ቁጥር ያወቀ ሰው የሚፈራውን መርጦ ይፈራል። ቁጥር ያላወቀ ሁሉንም ይፈራል፤ ሲሰለቸው ደግሞ ሁሉንም ይተወዋል። አሁን ሽሮ ሜዳ ብትመጡ የምታዩት መተዉን ነው። ማስኩ አገጭ ላይ ነው ያለው።

"የሰው ምስጢር ይወጣል" የሚሉም አሉ። ይህ እውነተኛ ስጋት ነው፤ ሰው ሲገለል ዓይቻለሁ፣ አሁን ነገርኳችሁ። ግን መላ አለው። እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። እሷ ያለችበት ስቴት ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ ቁጥሩን በዚፕ ኮድ፣ ማለትም በየአካባቢው የፖስታ መለያ ቁጥር፣ እየከፋፈለ ያወጣል። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ስልኳን ከፍታ የራሷን ዚፕ ኮድ ታያለች፣ የምትሠራበትን ታያለች፣ እንጀራ የምትገዛበትን ሱቅ አካባቢ ታያለች። የተገኘባቸው ሰዎች 7ና ከዚያ በታች የሆኑበት ዚፕ ኮድ ግን ቁጥሩ አይወጣም፤ ሰው ተለይቶ እንዳይታወቅ ነው። ይኸው ነው ዘዴው። የሀብታም አገር ነው አትበሉኝ፤ ይህ የገንዘብ ነገር አይደለም። የተጻፈውን ወረዳ ለይቶ መደመር ነው። እሷ ስትደውል "እማዬ እንዴት ናት፣ ሰፈራችሁስ እንዴት ነው?" ትለኛለች። እሷ ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ በቁጥር ትነግረኛለች፤ እኔ ስለ ሽሮ ሜዳ የምነግራት ወሬ ነው። ተወልዳ ያደገችበት ሰፈር።

ሌላም አለ። ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። ይህን ደብተሩ ነው ያስተማረኝ። የመጀመሪያው ሺህ እስኪሞላ ሁለት ወር ተኩል ፈጀ፣ ሁለተኛው ሺህ በሳምንት ገደማ ሞላ። ያን ሳይ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ግን ስንት ሰው ተመርምሮ ነው? ሺህ ሰው ተመርምሮ መቶ ከተገኘና ሃያ ሺህ ተመርምሮ ሺህ ከተገኘ፣ የከፋው የቱ ነው? የመጀመሪያው ከአስሩ አንዱ ነው፣ የሁለተኛው ከሃያው አንዱ። ግቢ ውስጥ ግን "መቶ" ሲባል እፎይ ይላሉ፣ "ሺህ" ሲባል አለቀልን ይላሉ። አሁን የምርመራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ የዕለቱ ቁጥር ሺህ አልፏል። ጎረቤቶቼ "በአንድ ሳምንት አገሩን ወረሰው" እያሉኝ ነው። የተመረመረውም እኮ በዝቷል እላቸዋለሁ፤ የተመረመረውን ቁጥር ማንም አይሰማውም። መግለጫው ላይ ሁለቱም አሉ፤ በየቡድኑ የሚዞረው ግን የተገኘበት ብቻ ነው። ከመቶ ስንት እንደሆነ አስልቶ በአንድ መስመር መጻፍ ምን ይከብዳል?

የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። በየቀኑ አልልም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ይሁን። በጤና ጣቢያው በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይለጠፍ። በዚህ ወረዳ በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ሰው ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተገኘበት። ስም አይጻፍ፣ ቀጠና አይጻፍ። ጥቂት ከሆነ "ከአስር በታች" ይባል። ኢንተርኔት ቢጠፋም ይነበባል። እኔ ራሴ ሄጄ ገልብጬ ለግቢው አነባለሁ፣ ለዕድሩም እሰጣለሁ።

ፍልሰታ ገብታለች። እማዬ በዕድሜዋ የፍልሰታ ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም። ትናንት ማታ ነጠላዋን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና "ልጄ፣ ነገ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? በኛ በኩል እንዴት ነው?" አለችኝ። ደብተሩን ከፈትኩ። የአምስት ወር ቁጥር አለ፣ ገጽ በገጽ። ለሷ የሚሆን አንድም መስመር የለበትም። አገላብጬ ዘጋሁት።

አልሄደችም። ነጠላው እንደታጠፈ ወንበሩ ላይ ነው።